ላባችን 9.60 አወጣ፤ 9.8 እናድርገው?

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የክፍል ኮርሶቹ ላይ ደህና ነኝ፤ ወደፊትም ማጥናት የምፈልገው ቲዎሪ ነው። ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) ግን አልሆነልኝም። ባለፈው ሳምንት በፔንዱለም ጂን (g፣ የምድር ስበት የሚሰጠውን የፍጥነት ጭማሪ) ለካን። ክሩ 80 ሳንቲ ሜትር ነበር። 2 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላት የብረት ኳስ አንጠልጥለንበት፣ 15 ዲግሪ ገደማ ስበን ለቀቅናት። አንዴ 10 ውዝዋዜ ቆጥረን 18.14 ሴኮንድ መጣ። ስናሰላው ጂ 9.60 ሆነ። የላብ ጓደኛዬ ጊዜውን ትንሽ ዝቅ አድርገን 9.8 እናምጣው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይላል። ልክ ነው? ደግሞስ ቲዎሪ ለምትፈልግ ተማሪ ላብ ይሄን ያህል ጊዜ ሊወስድባት ይገባል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። አትንኩት። ጊዜውን ዝቅ ካደረጋችሁት ሙከራው እዚያው ላይ አበቃ፤ ከእሱ የምትማሩት ነገር አይኖርም። ይልቅ የጻፍሽልኝን ቁጥሮች ይዤ ቁጭ ብዬ አሰላኋቸውና በጣም ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እነግርሻለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

መጀመሪያ፣ 9.60 ስህተት ነው ያለው ማነው? ስህተት ይሁን አይሁን ከሪፖርታችሁ ማወቅ አይቻልም። ከ9.60 ቀጥሎ መጻፍ የነበረበት ነገር ስለሌለ ነው። ሲደመር ሲቀነስ ስንት? ላብ ውስጥ ብቻውን የቆመ ቁጥር ገና ውጤት አልሆነም። ውጤት የሚሆነው ኧረሩ፣ ማለትም ልኬቱ በስንት ሊያንስ ወይም ሊበልጥ እንደሚችል፣ አብሮት ሲጻፍ ነው። ማንዋሎች ይሄን ብዙ ጊዜ በአንዲት አንቀጽ ነክተው ስለሚያልፉት ተማሪው እንደ ጌጥ ያየዋል። ለብዙ ዓመታት የላብ ሪፖርት ያረምኩ ሰው ነኝና የምነግርሽን እመኚኝ፤ ከላብ ትምህርት ከግማሽ በላይ የሆነው እሱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ስቶፕዎች የያዘ ሰው ኳሷን አይቶ እስኪጫን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ቸኩሎ ይቀድማል። ሲጀምርም እንደዚያ፣ ሲያቆምም እንደዚያ። በጥቅሉ 0.2 ሴኮንድ እንበል፤ በእጅ ለሚለካ ጊዜ ተገቢ ግምት ነው። ከ18.14 ሴኮንድ ላይ 0.2 ማለት 1.1 በመቶ ነው። ቀመሩ ውስጥ ጂ የሚገኘው ርዝመቱ በ4 ፓይ ስኩዌር ተባዝቶ ለፔሬዱ (ለአንድ ውዝዋዜ ጊዜ) ስኩዌር ተካፍሎ ስለሆነ፣ የጊዜው ኧረር ጂ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል፤ 2.2 በመቶ። የ9.60 ደግሞ 2.2 በመቶው 0.21 ነው። ስለዚህ ያገኛችሁት 9.60 አይደለም፤ 9.6 ± 0.2 ነው። ከ9.4 እስከ 9.8 ማለት ነው።

አየሽው? ጓደኛሽ ሊሰርቅላችሁ የፈለገው 9.8 ድሮም እጃችሁ ላይ ነበር። በአንድ የ10 ውዝዋዜ ቆጠራ 9.6ን ከ9.8 መለየት አይቻልም። ውጤታችሁ ከሚጠበቀው ጋር ይስማማል፤ ችግሩ ሻካራ መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ይጣፍጣል። በ10 ፋንታ 50 ውዝዋዜ ብትቆጥሩ ጊዜው 90 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። የጣቱ ኧረር ግን ያው 0.2 ነው፤ ብዙ ስለቆጠርሽ አያድግም። 0.2 ከ90 ላይ 0.22 በመቶ፣ ጂ ላይ 0.44 በመቶ፣ በቁጥር 0.04። ሌላ ምንም ዕቃ አልገዛሽም፣ ትዕግስት ብቻ ጨመርሽ፣ ልኬትሽ አምስት እጥፍ ጠራ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ኳሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ አትቁጠሪ። እዚያ ቆም ስለምትል መቼ እንደደረሰች ዓይን አይለየውም። ከኋላዋ ምልክት አድርጊና መሃል ላይ፣ በጣም በምትፈጥንበት ቦታ ስታልፍ ቁጠሪ።

እንግዲህ 50 ቆጥራችሁም 9.60 ቢመጣስ? ያኔ 9.60 ± 0.04 ይሆናል፤ 9.8 ደግሞ ከኧረሩ አምስት እጥፍ ርቆ ቆሟል። ይሄ የጣት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት ኧረር አለ፤ ሁሌ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት፣ ሺህ ጊዜ ብትደግሚው የማይጠፋ። ሲስተማቲክ ኧረር የምንለው ማለት ነው። ራንደም ኧረር በመደጋገም ይቀንሳል፤ አራት ጊዜ ለክተሽ አማካይ ብትወስጂ በግማሽ ይወርዳል። ሲስተማቲኩን ግን ድግግሞሽ አይነካውም። እሱን ማግኘት የሚቻለው በማሰብ ብቻ ነው። ቲዎሪ ወዳጅ ነኝ ላልሽው ይሄኛው ያንቺ ሥራ ነው።

እናስብ። ክሩ 80 ሳንቲ ሜትር ነበር አልሽ። የፔንዱለም ርዝመት ግን የክሩ ርዝመት አይደለም፤ ክሩ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ኳሷ መሃል ያለው ነው። ኳስሽ 2 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር አላት፣ ስለዚህ መሃሏ ከክሩ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እውነተኛው ርዝመት 81 ነው። 9.60ን በ81 አባዝተሽ ለ80 ስታካፍይው 9.72 ይሆናል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ይሄን ያህል ሠራች።

ቀጥሎ አንግሉ። ያ ቀመር የተገኘው የአንግሉ ሳይን ከራሱ ከአንግሉ ጋር እኩል ነው ተብሎ ነው። ለትንሽ አንግል ልክ ነው፣ ለ15 ዲግሪ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትክክለኛው ፔሬድ ትንሽ ይረዝማል፤ የሚረዝምበት መጠን አንግሉን በራዲያን ስኩዌር አድርገሽ ለ16 ስታካፍይው ነው። 15 ዲግሪ 0.262 ራዲያን ነው። ስኩዌሩ 0.0685፣ ለ16 ሲካፈል 0.0043። ፔሬዱ በ0.43 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ጂ ደግሞ በእጥፉ፣ በ0.86 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል። 9.72 ላይ ይሄን መልሺበት።

9.80።

ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ማንም ቁጥር ሳይቀይር፣ ራስሽ በጻፍሽልኝ ልኬት ብቻ ነው እዚህ የደረስነው። ልብ በይ ግን፣ ኧረሩ ± 0.2 ሆኖ ሳለ ልክ 9.80 ላይ ቁጭ ማለቱ የዕድል ነገር ነው፤ 9.7 ወይም 9.9 ቢመጣም አይገርመኝም ነበር። ደግሞ 50 ውዝዋዜ ስትቆጥሩ አንግሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ የአንግሉ ማስተካከያ ከ0.43 በመቶ በመጠኑ ያንሳል። ከመጀመሪያውም በ5 ዲግሪ ብትለቋት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ወደ 0.05 በመቶ ይወርዳል።

ስለ አየርም ላንሳ፤ ሪፖርቱ ላይ «የአየር ግፊያና የሰው ስህተት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከአስር ሪፖርት ስምንቱ ላይ ሳነባት የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ምንም አትልም። አየር ለብረት ኳስ ምን ያህል ነው? አየሩ ኳሷን ወደ ላይ የሚደግፍበት ኃይል ከክብደቷ 0.015 በመቶ ገደማ ነው፤ የአየር ጥግግት ለብረት ጥግግት ሲካፈል። እናንተ የጎደላችሁ 2 በመቶ ነው። አየሩ ላይ ማሳበብ አይቻልም። «የሰው ስህተት» የሚለው ደግሞ የትኛው ሰው፣ ምን ሲያደርግ፣ በምን ያህል፣ ወደ የትኛው ወገን የሚለው ካልተመለሰ ባይጻፍ ይሻላል።

ኳሷን መለካት ብትረሱስ? ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። ክሩን 40፣ 60፣ 80፣ 100፣ 120 እያደረጋችሁ አምስት ጊዜ ሥሩት። ከዚያ የክሩን ርዝመት በአግድም፣ የፔሬዱን ስኩዌር በቁም አድርጋችሁ ግራፍ አንሱ። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ስሎፑ (የመስመሩ ዘንበልታ) 4 ፓይ ስኩዌር ለጂ ሲካፈል ነው፤ ጂ 9.8 ከሆነ 4.03 ገደማ። ኳሷን መርሳታችሁ ስሎፑን ጨርሶ አይነካውም፤ መስመሩን እንዳለ ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ። ስለዚህ መስመሩ በዜሮ አያልፍም፤ ወደኋላ ብትስቢው አግድሙን የሚቆርጠው -1 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ግራፉ ማንም ያልለካትን የኳሷን ሬዲየስ አወጣልሽ! አንድ ነጥብ ብቻ ለክቶ ቀመር ውስጥ የከተተ ሰው ይሄን በምንም መንገድ አያየውም። አንግሉን ግን ግራፉ አይይዝልሽም። ሁሌ በ15 ዲግሪ ከለቀቃችሁ ስሎፑ ራሱ በ0.86 በመቶ ይጨምራል፣ መስመሩ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የትኛው ኧረር ስሎፕ ውስጥ፣ የትኛው ኢንተርሴፕት (መስመሩ አግድሙን የሚቆርጥበት ቦታ) ውስጥ እንደሚደበቅ መለየት ከቻልሽ፣ የዓመቱን ግማሽ ላብ ተረድተሻል ማለት ነው።

9.8 ራሱም ቢሆን ጣዖት አይደለም። ጂ ምድር ወገብ ላይ 9.78፣ ዋልታዎቹ ላይ 9.83 ገደማ ነው፤ ከፍታ ሲጨምርም በትንሹ ይቀንሳል። መጽሐፉ ላይ ያለው 9.81 የእናንተ ላብ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጂ ላይሆን ይችላል። በእርግጥ በ± 0.2 ይሄ አይታይም፤ በ± 0.01 ለሚለካ ሰው ግን ይታያል።

ወደ ጓደኛሽ ሐሳብ ልመለስ። ልጁ ክፉ ነው አልልም። ላብ ላይ ማርክ የሚሰጠው «ትክክለኛው ቁጥር» ለመጣለት ነው የሚል እምነት ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ተተክሎበታል፤ እንደዚያ የሚያርም መምህርም አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው። 9.79 መጥቶልን ቢሆን ኖሮ ኳሷን እንለካ ነበር? አንለካም። ስህተቷ እዚያው እያለች ደስ ብሎን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ይሄ የተማሪ ብቻ በሽታ አይደለም። ፊዚሲስቱ ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘይት ጠብታ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ቁጥር ዛሬ ከምናውቀው በ0.6 በመቶ ገደማ ያንስ ነበር፤ ዋናው ምክንያት የተጠቀመበት የአየር ቪስኮሲቲ (አየሩ ጠብታዋን የሚይዝበት መጠን) ትንሽ ልክ አለመሆኑ ነው። ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ለካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ባደረገው ንግግር ይሄን አንስቶ ነበር። እሱ እንደሚለው ከሚሊካን በኋላ የለኩት ሰዎች ቁጥራቸው ከሚሊካን በጣም ከፍ ሲልባቸው ስህተት ይፈልጋሉ፣ ተቀራርቦ ሲመጣ ግን ብዙም አይመረምሩም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ላይ የተደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ማንም አልዋሸም። ስህተት የፈለጉት ቁጥሩ ሳይጥማቸው ሲቀር ብቻ መሆኑ በቂ ነበር።

በተቃራኒው እንግሊዛዊውን ፊዚሲስት ሎርድ ሬይሊን ተመልከቺ። የናይትሮጅንን ጥግግት ሲለካ ከአየር ያወጣው 1.2572 ግራም በሊትር፣ ከኬሚካል ውህድ ያገኘው ደግሞ 1.2505 ገደማ ሆነበት። ልዩነቱ 0.5 በመቶ ነው። የእናንተ ልዩነት አራት እጥፉ ነበር! «ተቀራራቢ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም። ደጋገመው፣ ዘዴውን ቀያየረው፣ ልዩነቱ አልጠፋ አለ። መጨረሻ ላይ ከኬሚስቱ ራምሴ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1894 አየር ውስጥ ማንም ያላወቀው ጋዝ መኖሩን አሳወቁ። አርገን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 1 በመቶ የሚጠጋውን ይይዛል፣ ያንን ሁሉ ዘመን ናይትሮጅን ተብሎ ሲለካ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሬይሊ የፊዚክስ፣ ራምሴ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ሬይሊ ደግሞ ከትልልቆቹ ቲዎሪስቶች አንዱ እንደነበር አትርሺ።

ቲዎሪ ነው የምፈልገው ላልሽው ሌላም ልንገርሽ። ጀርመናዊው ቲዎሪስት ፕላንክ የኳንተምን በር የከፈተችውን የጨረር ቀመር ያገኛት ለምን እንደሆነ ኮርሱ ላይ ብዙም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1900 በርሊን ውስጥ ሩበንስና ኩርልባውም የተባሉ ሙከራ ሠሪዎች የጋለ አካል በረጅም ሞገድ በኩል የሚያወጣውን ጨረር በጥንቃቄ ለኩ። የጊዜው ቀመር እዚያ ጋ አልገጥም አለ። ሩበንስ ይሄንን ለፕላንክ ነገረው፣ ፕላንክም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዳታው ጋር የሚገጥም አዲስ ቀመር አቀረበ። እነዚያ ሰዎች ቁጥራቸውን ከቀመሩ ጋር «አስተካክለውት» ቢሆን ኖሮስ? የሌላ ሰው ዳታ ስታነቢ የትኛውን ማመን፣ የትኛውን መጠርጠር እንዳለብሽ የሚሰማሽ አንዴ እጅሽን አቧራው ውስጥ ከከተትሽ በኋላ ነው።

ስለ ኮርሶቹ አያያዝ ብዙም አልጠየቅሽኝም፤ ግን ከፔንዱለሙ ሳንወጣ የምለው አለ። ያቺን አንግል ትንሽ ናት ያልሽበት ቅጽበት ፔንዱለሙን ሃርሞኒክ ኦሲሌተር (ከመሃሉ በራቀ ልክ ወደ መሃሉ የሚሳብ ተወዛዋዥ) አደረግሽው። ከአሁን በኋላ በየኮርሱ ይጠብቅሻል። ክላሲካል ሜካኒክስ ላይ በስፕሪንግ የታሰረ ክብደት ሆኖ ይመጣል። ኤሌክትሪሲቲ ላይ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ያለበት ሰርኪዩት ይሆናል፤ ኢንዳክታንሱ በክብደቱ ቦታ፣ ሬዚስታንሱ በፍትጊያው ቦታ፣ 1 ለካፓሲታንስ ሲካፈል ደግሞ በስፕሪንጉ ቦታ ይገባል። እኩልታው ያው ነው፣ ፊደሎቹ ናቸው የተቀየሩት። ስታቲስቲካል ፊዚክስ ላይ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 የጠጣር አካላትን ሙቀት የመያዝ አቅም ያስረዳው አቶሞቹን እንደ ኦሲሌተር ቆጥሮ ነው። ኳንተም ላይ ደግሞ ኢነርጂው በእኩል ደረጃ የተከፋፈለ ሆኖ፣ ታችኛው ደረጃ ዜሮ ሳይሆን የአንዱ እርከን ግማሽ ሆኖ ይጠብቅሻል። ብዙ ተማሪ እነዚህን አምስት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። አንድ ናቸው። ስለዚህ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ሊኒየር አልጀብራን ለማለፍ ብቻ አትውሰጃቸው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ኳንተም ከበደኝ ከሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ የከበዳቸው ሊኒየር አልጀብራው ነው።

የራሴን አንድ ልንገርሽ። ተማሪ ሆኜ ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ሲፈስ እንለካ ነበር። ሬዚስተሩ 1 ሜጋ ኦም፣ ካፓሲተሩ 10 ማይክሮ ፋራድ። የፍሰቱን ፍጥነት የሚወስነው ታይም ኮንስታንት (የሁለቱ ብዜት) 10 ሴኮንድ መሆን ነበረበት። እኛ 9.1 አገኘን። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ሁሌ ትክክል አይደለም፣ ይሄም እውነት ነው፣ ስለዚህ ሁለታችንም ካፓሲተሩን ከሰን ልንዘጋው ነበር። የላቡ ቴክኒሺያን በአጠገባችን ሲያልፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «ሜትሩን ስታስገቡበት ሰርኪዩቱ ያው ነው?» ብሎን ሄደ። ለካ ቮልቲሜትሩ በራሱ ውስጥ 10 ሜጋ ኦም አለው። ካፓሲተሩ ላይ በፓራለል ሲገባ ቻርጁ በሁለት በር ነው የሚወጣው፤ 1 እና 10 ሜጋ ኦም በፓራለል 0.91 ይሆናል። 9.1 ሴኮንድ! ቁጥሩ ከመጀመሪያው እውነቱን እየነገረን ነበር። የምለካበት ዕቃ የምለካውን ነገር እንደሚቀይር ያን ቀን ነው በእጄ የገባኝ፤ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ።

አሁን ስለ አሠራር። ደብተርሽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ፣ በእርሳስ አይደለም። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዢው፣ ግን ይነበብ። ብጫቂ ወረቀት ላይ ጽፎ በኋላ «በንጹህ መገልበጥ» የሚባለውን ልማድ ተይው፤ ቁጥር የሚጠፋውም የሚቀየረውም እዚያ መሃል ነው። 18.14 ብቻ አትጻፊ፤ ማን እንደለካ፣ በየትኛው ስቶፕዎች፣ ስንት ውዝዋዜ፣ ከየት ቦታ እንደተለቀቀች ጭምር። የኳሷን ዲያሜትር ስለጻፍሽ ነው ዛሬ ስህተቷን ያገኘናት። ካሊፐር (የትንሽ ነገር ውፍረት መለኪያ) ስትይዢ መጀመሪያ ዝጊውና ዜሮ ያሳይ እንደሆነ እዪ። መልቲሜትሩ አምፒር ላይ ሆኖ ምንጩ ላይ በቀጥታ እንዳታገናኚው፤ ፊውዙ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ደግሞ ለምን ዜሮ እንደሚያሳየው ሳይገባው ሰዓቱ ያልቅበታል። ግራፉን እዚያው ላብ ውስጥ እየለካሽ አንሺው፣ ቤት ገብተሽ አይደለም። አንዷ ነጥብ ከመስመር ስትወጣ ዕቃው ገና ፊትሽ ነው፤ ደግመሽ መለካት ትችያለሽ። ፓይተን ወይም ኤክሴል ለማጠናቀቂያው ይድረሱልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በብዙ ቡድን ውስጥ ወንዱ ዕቃውን ይነካል፣ ሴቷ ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ትጽፋለች። ዓመቱን ሙሉ። መጨረሻ ላይ እሱ ኦሲሎስኮፕ ማስተካከል ይችላል፣ እሷ ሠንጠረዥ ማስመር ትችላለች። «ላብ አልሆነልኝም» ስትዪ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ ስቶፕዎቹን የያዘው ማን ነበር የሚል ነው። በየሳምንቱ ተቀያየሩ። ባይስማማ ለመምህሩ ንገሪው፤ ጥያቄሽ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው።

ጊዜ ይበላል ላልሽው፣ እውነት ነው ይበላል። ግን አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ሳይዘጋጁ በመግባት ነው። ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰዓት ተቀመጪና ሦስት ነገር ለራስሽ መልሺ፤ የምለካው ምንድነው፣ ከየትኛው ግራፍ ነው የማወጣው፣ ውጤቴን ይበልጥ የሚያበላሸው የትኛው ልኬት ነው። የመጨረሻዋ በተለይ። የጊዜው ኧረር 2 በመቶ ሆኖ ሳለ የክሩን ርዝመት በማይክሮሜትር ለመለካት የሚደክም ሰው አይቻለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለሚመጡት ይሄ የበለጠ ይጠቅምሻል። ፎቶኤሌክትሪክ (ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን ሲያስወጣ) ላይ የፕላንክን ቁጥር የምታወጪው ከስሎፕ ነው። ፍራንክና ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1914 የሠሩትን ስትደግሚ በሜርኩሪ ጋዝ ውስጥ በየ4.9 ቮልቱ ከረንቱ ዝቅ ሲል በዓይንሽ ታያለሽ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሳይሆን በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው የምትለኪው፣ እንደ ፔንዱለሙ ኢንተርሴፕት ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ተጨማሪ ነገር ስለሚደመርበት። ራዲዮአክቲቪቲ ላይ ደግሞ 100 ስትቆጥሪ ኧረሩ 10 ነው፣ 10,000 ስትቆጥሪ 100 ነው። 10 በመቶና 1 በመቶ። አሥር እጥፍ ለማጥራት መቶ እጥፍ መጠበቅ አለብሽ። መቼ ማቆም እንዳለብሽ የምታውቂው ይሄን አስቀድመሽ ካሰላሽ ነው።

ሪፖርቱን ገና ካላስገባችሁ እንዲህ አድርጉት። ላቡ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቃችሁ አንድ ከሰዓት ተመለሱ፣ በ5 ዲግሪ፣ 50 ውዝዋዜ፣ በአምስት ርዝመት ሥሩ። መመለስ ካልተቻለም ችግር የለም። የለካችሁትን እንዳለ አስቀምጡና ከሥሩ ይሄን ጻፉ፦ «በቀጥታ ያገኘነው 9.6 ± 0.2 ነው። ርዝመቱን የለካነው እስከ ኳሷ መሃል ስላልነበረ በ1.25 በመቶ፣ አንግሉ 15 ዲግሪ ስለነበረ ደግሞ በ0.86 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ሁለቱ ሲስተካከሉ 9.8 ± 0.2 ይሆናል። ዋናው ኧረር የመጣው 10 ውዝዋዜ ብቻ አንዴ በመቁጠራችን ነው።» ከዚህ በላይ አታብዙ። ግራፉን ከሠራችሁት ደግሞ መስመሩ አግድሙን የት ላይ እንደቆረጠ ጻፊልኝ፤ -1 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆኑን ማየት እፈልጋለሁ።